አባቴና ማርስ ላይ ሄልሜቱን ያወለቀው ሰውዬ

አባቴ ፈሪ ነው። ልሰድበው ብዬ አይደለም፤ ራሱም ቢጠየቅ አይክድም። ሠላሳ አንድ ዓመት ዘይት ፋብሪካ ሲሠራ ሥራው አንድ ብቻ ነበር፦ ታንከር ውስጥ የገባው አጣቢ የታሰረበትን ገመድ ይዞ ከላይ መቆም። የሚገባው ሌላ ሰው፣ የሚፈራው እሱ። የፋብሪካው ሰዎች "ፈራ ተባ" ብለው ስም አውጥተውለታል። ፊት ለፊቱ ነው የሚጠሩት፤ እሱም "አቤት" ይላል።

ላየው ሰው ሥራ ፈት ይመስላል። የዘይት ታንከር ባዶ ሲሆን አጣቢው ከላይ ባለው ጠባብ አፍ በመሰላል ይወርዳል። ፊቱ ላይ ጭንብል አለ፤ አየር ከውጭ በቱቦ ይመጣለታል። ትከሻና ወገቡን የያዘው ቀበቶ ላይ ገመድ ይታሰራል፤ ገመዱ ከታንከሩ አፍ በላይ በቆመው ባለሦስት እግር ብረት መዘውር ላይ ይጠመጠማል። አባቴ መዘውሩን ይዞ ይቆማል። በየደቂቃው ገመዱን አንዴ ሳብ ያደርጋል፤ ከታች አንዴ ሳብ ካልተደረገለት ማንንም ሳይጠይቅ ሰውየውን ማውጣት ይጀምራል። ከሁሉ በላይ አንድ ሕግ አለው፤ ሰማይ ቢደፋ ገመድ ያዥ ወደ ውስጥ አይገባም። "ታንከር ውስጥ የሞቱትን ቁጠሩ፣ ግማሾቹ ሊያድኑ የገቡ ናቸው" ይላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያሉ ሲተርቡት "እንግዲያው ሞኝ ነኝ" ብሎ ያልፋቸዋል።

የሚፈራው ናይትሮጅንን ነው። ዘይቱ እንዳይበላሽ ከላዩ ይለቀቅበታል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ አያስል፣ አያስነጥስ። ሰው አንድ ሁለቴ ከሳበው ይወድቃል፤ መውደቁንም አያውቅም።

እንዲህ ያለው ሰው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ምን ያያል ቢባል የማርስ ፊልም ነው። ሱሱን ያስያዘው ባሌ ነው። ባሌ ታንከር አጣቢ ነበር፤ ስድስት ዓመት በአባቴ ገመድ ሲወርድና ሲወጣ ኖሮ በመጨረሻ እኔን አገባ። "መጀመሪያ ገመዱን ሰጠኝ፣ ከዚያ ልጁን ጨመረልኝ" ይል ነበር። አብሮት ቤታችን የገባው አንድ ካርቶን ሙሉ የድሮ የማርስ ፊልም ነው።

ባሌ ምንጣፉ ላይ ተዘርግቶ ያያል። አባቴ ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ፣ መደገፊያውን ጨብጦ ያያል።

"ይሄ ነፋስ ነው መንኮራኩር የሚጥለው?" ይላል። "የማርስ አየር ከኛ አየር መቶኛውን እንኳ አይሞላም። አውሎ ነፋስ ቢነሳ መጋረጃ ቢያወዛውዝ ነው!"

"አባባ፣ ፊልም ነው እኮ" ይላል ባሌ።

"ይሄን የሠራ ሰው ፋብሪካ ቢመጣ በበር አላሳልፈውም።"

ሳይንሱን የለቀመው ከእኔ የትምህርት ቤት መጻሕፍትና ሽፋኑ ከተገነጠለ አንድ የሥነ ፈለክ መጽሐፍ ነው። የማርስ ሰማይ ቀን ቀን አቧራማ ቀይ፣ ጀምበር ስትጠልቅ ደግሞ ሰማያዊ መሆኑን ያውቃል፤ ፊልሙ ገልብጦ ካሳየ ያጉረመርማል። እነዚህን ይስቅባቸዋል። አንዱ ፊልም ግን አያስቀውም። እዚያ ላይ ካፒቴኑ ከመንኮራኩሩ ይወርድና ክብሪት ይጭራል፤ ክብሪቱ ይነዳል። ከዚያ ሄልሜቱን ብድግ አድርጎ፣ አንገቱን አስግጎ ያሸትና "ይተነፈሳል!" ይላል። ሁሉም ሄልሜታቸውን ያወልቃሉ።

"ሞተ" ይላል አባቴ።

"ኧረ አባባ፣ ይኸው ይስቃል!"

"ሞቷል አልኩህ። ያለው የተቃጠለ አየር ነው፣ ክብሪቱ ራሱ አይነድም። አየሩ ከመሳሳቱ የተነሳ ምራቁ ምላሱ ላይ ይፈላል። በአፍንጫ አየር አይለካም!"

እዚያው ፊልም ላይ የካፒቴኑ ጓደኛ ሌላ ቦታ አየር አጥቶ ይወድቃል፤ አንዲት ሴት ፊቷን ሳትሸፍን ሮጣ ገብታ ተሸክማው ትወጣለች። እኔ እዚህ ጋ ሁልጊዜ አለቅሳለሁ። አባቴ "አሁን ሁለት ሬሳ ሆነ" ይላል። አንድ ቀን ትራስ ወረወርኩበት።

"ምን ይሄን ያህል ያናድድሃል?" አልኩት።

"አልተናደድኩም፣ ፈርቼ ነው። ሰው አሥር ጊዜ ያየውን ነገር አንድ ቀን ሳያስበው ያደርገዋል።"

ባሌ ግን ነገሩን መቀለጃ አደረገው። ታጥቦ ባለቀ ታንከር አፍ ላይ ወጥቶ ከተቀመጠ በኋላ ጭንብሉን ብድግ፣ አንገቱን ስግግ አድርጎ "ይተነፈሳል!" ይላል። ሠራተኛው በሳቅ ይሞታል። አባቴ ብቻ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" እያለ ገመዱን ይጠቀልላል። እኔ የምሠራው እዚያው ግቢ፣ የዘይት መመርመሪያ ክፍል ውስጥ ነው። ይህችን ትርኢት እንዳታመልጠኝ ሥራ አቋርጬ እመጣ ነበር።

የዚያን ማክሰኞ አራተኛው ታንከር ይታጠብ ነበር። ጠዋት አየሩ ከላይም ከመሀልም ከታችም በመሣሪያ ተለክቶ ደህና ሆኖ ተገኘ። ከምሳ በኋላ አንድ ሰው ለጎረቤቱ ታንከር ናይትሮጅን ለቀቀ፤ መስመሩ ከእኛው ጋር መገናኘቱን አላወቀም። ባሌም በጭንብሉ የቱቦ አየር እየተነፈሰ ስለነበር ምንም አልተሰማው።

እኔ ደረጃውን ወጥቼ በአባቴ ትከሻ ላይ ወደ ታች አየሁ። ባሌ ሥራውን ጨርሶ ልክ ከታንከሩ አፍ ሥር ቆሟል፤ መብራቱን ወደ ላይ ሲያበራ አየኝ። እኔን ሲያይ ዓይኑ ሲስቅ በጭንብሉ መስታወት ታየኝ። ከዚያ እጁ ወደ ጭንብሉ ሄደ።

"ተው!" አለ አባቴ።

ጭንብሉን ብድግ፣ አንገቱን ስግግ አደረገ። "ይተነ…" አለና ጉልበቱ ከዳው። መብራቱ ብረቱ ላይ ሲንከባለል ሰማሁ።

አባቴ በሁለት እጁ መዘውሩን ማዞር ጀመረ። ባሌ ከወለሉ ተነሳ፤ ራሱ ደረቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ከንፈሩ ሲጠቁር አየሁ። እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም። ምንም ሳላስብ አንድ እግሬን ታንከሩ ውስጥ አስገብቼ መሰላሉን ረገጥኩ።

አባቴ በአንድ እጁ የጋዋኔን አንገት ጨመደደ።

"ልቀቀኝ! እየሞተ ነው!"

"አትገቢም!"

"ፈሪ! አንተ ፈሪ! ልቀቀኝ!"

መዘውሩ በአንድ እጅ አይዞርም። ወደ ኋላ እንዳይመለስ መቆለፊያ ስላለው ባሌ አልወደቀም፤ ግን አልወጣምም። ከእኛ ሁለት ሜትር ዝቅ ብሎ፣ እዚያው አየር አልባው ውስጥ ተንጠለጠለ። አባቴ "ሰው! ሰው!" እያለ ይጮኻል። እኔ እጁን ነከስኩት። ደሙ አፌ ውስጥ ገባ፤ አለቀቀኝም። ጸጉሬን፣ ክንዴን፣ ያገኘውን ሁሉ እየያዘ ወደ ውጭ ይጎትተኛል፤ እኔ ደግሞ የሞት ሞቴን ወደ ታች እወርዳለሁ። ፎርማኑ ሮጦ መጥቶ ወገቤን ይዞ እስኪያነሳኝ ድረስ እንዲህ ታገልን። ያኔ አባቴ ሁለቱን እጁን አገኘ። ባሌ ወዲያው ወጣ፤ አሥር ዙር እንኳ የሚሞላ አልነበረም።

ሆስፒታል ሐኪሟ "ለምን ያህል ጊዜ አየር አጣ?" ብላ ጠየቀች።

"አራት ደቂቃ ይሆናል" አለ አባቴ። የተነከሰውን እጁን ኪሱ ከትቶ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ያያል። "መዘውሩ እንቢ አለኝ። ቶሎ አልሳብኩትም።"

ፎርማኑ ዞር ብሎ አየኝ። እኔ ወለሉን አየሁ።

ባሌ ተረፈ። ይሄዳል፣ ይበላል፣ ያውቀናል። ቃል ግን ይጠፋበታል። ማንኪያ እያየ "ያ… ያ ነገር" ይላል፤ ስሜን የሚያገኘውም ሦስቴ ሞክሮ ነው። ማንበብ ጨርሶ ጠፍቶበታል። ፋብሪካው በሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ሰው ያልሞተበትን አባቴን ገመዱን ነጥቆ አሰናበተው፤ ደብዳቤው "በወቅቱ ባለማንሳቱ" ይላል። አማቴ ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡ ዕለት ፊት ለፊቱ ተናገሩት።

"ፈሪ ለእናቱ ነው ሲባል እሰማ ነበር" አሉት። "የእርስዎ ፍርሃት ግን ለልጄ አልሆነውም።"

"እውነትዎን ነው" አለ አባቴ።

እኔ ሻይ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ሻዩን አስቀምጬ ወደ ጓዳ ተመለስኩ። አባቴ ሊሄድ ሲወጣ በር ላይ ያዝኩት።

"ለምን እውነቱን አትነግራቸውም?"

"ነግሬያቸው ከዚያስ?" አለኝ። "ባልሽን የሚያበላው ማነው? የሚያለብሰው ማነው? እኔን ቢጠላኝ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። አንቺን ከጠላሽ የት ይሄዳል?" እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። "በዚያ ላይ አንቺ ብትገቢ ኖሮ ሁለታችሁንም ቀብሬ ነበር። እኔ የፈራሁትን ያህል አትርፌያለሁ።"

አሁን አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። ባሌ እሱን ሲያይ ወደ ግድግዳው ይዞራል፤ ሰዎች የነገሩትን አምኗል። ባለፈው ሳምንት አባቴ ከሄደ በኋላ ቃሉን አንድ በአንድ እየፈለገ "አባባ… ለምን… ዘገየ?" አለኝ። እኔ ልብሱን አስተካከልኩለት።

ሐኪሟ ከጥቂት ወራት በኋላ ማንበብ ይመለስለታል ብላናለች። ቤተሰቡ ሁሉ ደስ ብሎታል። እኔም ደስ ብሎኛል። ይህን የጻፍኩት ለባሌ በአፌ ልነግረው ስላቃተኝ ነው። ወረቀቱ አልጋው አጠገብ ባለው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ማንበብ ሲጀምር መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ነው።