መስኮቱን የሸፈነው መደርደሪያ

ሳሎናችን ያለው መስኮት አንድ ነው። ሰፊ ነው፤ ወደ መንገዱ ያያል፤ በሚያዝያ ባሕር ዳር ስትግል ከሐይቁ በኩል የምትመጣዋን ትንሽ ነፋስ የሚያስገባልን እሱ ብቻ ነው። ይህን ኮንዶሚኒየም የተከራየነውም ለመስኮቱ ስንል ነበር። ባለቤቴ በዚያ መስኮት ፊት ለፊት፣ ጣሪያ ሊነካ ጥቂት የቀረው የብረት መደርደሪያ አሠርታ ከሠላሳ በላይ ተክል ደረደረችበት።

አሠርታ አልሁ እንጂ ያሠራሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሦስት ነበሩ፤ አንድ እሬት፣ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን የበቀለች ሐረግ፣ ደግሞ ቅጠሏ እንደ ሰይፍ ቀጥ ብሎ የሚቆም አንዲት። ሦስት ተክል ማንንም አይጎዳም። ነገር ግን ባለቤቴ ቅዳሜ ቅዳሜ በሐይቁ ዳር መንገድ ችግኝ ወደሚሸጡት ሰዎች ትሄድና በባጃጅ፣ አንዷን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ትመለሳለች። «ይቺ የመጨረሻዬ ናት» ትላለች በሩን በክርኗ እየገፋች። የመጨረሻዋን በዚያ ዓመት ስንት ጊዜ እንደተቀበልሁ አላውቅም። ወለሉ ሲሞላና መራመጃ ስናጣ፣ በገዛ እግሬ በያጅ ዘንድ ሄጄ መደርደሪያውን አዘዝሁ። ከጎረቤት ድሪል ተውሼ ግድግዳውን በሳሁ። በገዛ እጄ መስኮቴን ዘጋሁ።

ከዚያ በኋላ አንዱን የመስኮት ክንፍ ለመክፈት አራት ማሰሮ ማውረድ ግድ ሆነ። በቀትር አምፖል እናበራለን። ውኃ ስታጠጣ ከላይኛው እርከን ወደ መካከለኛው፣ ከመካከለኛው ወደ ታችኛው፣ ከታችኛው ወደ ሶፋው ይወርዳል። ስንት ጊዜ እርጥብ ላይ ተቀምጬ ተነሥቻለሁ።

«አንተ እኮ አየር የሚሰጥህን ነው የምትጠላው» ትለኛለች።

«አየሩን ይሰጠኝ የነበረው መስኮቱ ነው!»

ትሥቃለች። እኔ አልሥቅም።

እናቴ የመጣችው መደርደሪያው በቆመ በጥቂት ወር ውስጥ ነው። የምትኖረው ቆላ ድባ አካባቢ ነው። ሁለቱንም ዓይኗን ሞራ ጋርዶባት፣ ለዓመታት ሰውን በድምፁና በአረማመዱ ስትለይ ኖራለች። እንታከም ስንላት «ዘንድሮ ይቆይ» እያለች አስቸገረችን፤ በመጨረሻ ሄጄ አመጣኋት። እዚሁ ባሕር ዳር መጀመሪያ አንዱ፣ ከሳምንታት በኋላ ሌላው ዓይኗ ተሠራ። ሐኪሙ ጭስና አቧራ እንዳይነካት አጥብቆ ስላስጠነቀቀ ሁለት ወር እኛ ዘንድ መክረም ነበረባት።

ለእሷ የመረጥንላት ቦታ የሳሎኑን ጥግ ነው፤ ከመደርደሪያው ሥር ያለውን፣ ሁልጊዜ ጥላ የሆነውን። ባለቤቴ ራሷ ትራስ ደርድራ አመቻቸችላት። «እዚህ ይቀመጡ እማማ፣ ብርሃኑ ዓይንዎን እንዳይወጋዎት» አለቻት። እናቴ መረቀቻት። እኔም ደስ አለኝ፤ ይህ ጫካ ለአንድ ነገር ጠቀመ አልሁ።

ቅጠሎቹ መጥፋት የጀመሩት በሁለተኛው ሳምንት ነው።

መጀመሪያ ያየችው ባለቤቴ ናት። ከመካከለኛው እርከን ላይ ሐረጓ ተመልጣለች፤ ከጎኗ ያለችውም ግማሽ ቅጠሏን አጥታለች። «ተባይ ነው» አለች። የሳሙና ውኃ ረጨን። ቅጠሉ መርገፉን ቀጠለ። የመሥሪያ ቤቷ ሰው የትምባሆ ውኃ ፍቱን ነው ብሎ ስለነገራት፣ ሲጋራ አጭሼ የማላውቅ ሰው ከሱቅ ፓኬት ገዝቼ ትምባሆውን ዘፈዘፍሁ። ቤቱ ለሁለት ቀን ጠጅ ቤት ጠጅ ቤት ሸተተ። ቅጠሉ አሁንም ይጠፋል፤ ያውም ከመካከለኛው እርከን ብቻ።

እናቴ ጥቁር መነጽሯን አድርጋ ከሶፋው ላይ ሁሉን ትከታተል ነበር። «ዘንድሮ ተባዩ በርትቷል ልጄ» አለቻት ለባለቤቴ፣ ራሷን እየነቀነቀች።

ባለቤቴ እኔን መጠርጠር የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው። መደርደሪያውን እንደምጠላ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ራሴ ነኝ ለሰው ሁሉ የተናገርሁት።

«እውነቱን ንገረኝ» አለችኝ አንድ ጠዋት፣ ጫማዬን ሳስር ከበላዬ ቆማ። «አንተ ነህ?»

«ምኑ?»

«ቅጠሉን የምትቀነጥሰው።»

«እኔ ቅጠል የምቀነጥስ ሰው እመስልሻለሁ?»

«ትመስላለህ።»

እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይመለሳል? ንጽሕናዬን ላሳይ ብዬ ቆጋ መስኖ ላይ የሚሠራ ጓደኛዬን ጋበዝሁት። ስንዴና ድንች ሲመረምር የኖረ ሰው ነው፤ የማያውቀው በሽታ የለም። መጣ፣ መነጽሩን አጸዳ፣ ሐረጓን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና ዘወር አለ።

«ፍየል ታረባላችሁ እንዴ?»

«ኮንዶሚኒየም ውስጥ?»

«እንግዲያው ይህ በሽታም አይደለም፣ ተባይም አይደለም። በጥፍር የተቀነጠሰ ነው። እየው፣ አቆራረጡን።»

ባለቤቴ አቆራረጡን አላየችም። እኔን ነው ያየችው። ያመጣሁት ምስክር እኔኑ አስፈረደብኝ። ጓደኛዬም ነገሩ ስላላማረው እራቱን ሳይበላ ሄደ።

ከዚያ ሦስት ቀን ዝምታ ሆነ። ሽሮው ይቀርባል፣ እንጀራው ይቀርባል፣ ቃል አይቀርብም። እናቴ በመካከላችን ተቀምጣ «ብሉ እንጂ፣ ምን ሆናችሁ?» ትላለች።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ለስብሰባ የሚያስፈልግ ወረቀት ረስቼ ከምሠራበት ኮሌጅ ወደ ቤት ተመለስሁ። በሩን በቁልፌ ከፍቼ ገባሁ። እናቴ ሶፋው ላይ በጉልበቷ ቆማለች። መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቅላ፣ ፊቷን ሰፌድ በሚያህል የቅጠል ክፍተት ውስጥ አስገብታ፣ በቀኝ እጇ ከውጭ ላለ ሰው ሰላምታ ትሰጣለች። ከዚያ እጇን መለሰችና ከዳር የገባችባትን አንዲት ቅጠል ቀነጠሰች፤ ነጠላዋ ጫፍ ውስጥ ቋጠረቻት።

«እማዬ!»

ዘወር አለች። የደነገጠችው ግን ለእኔ ነው። «ምነው በዚህ ሰዓት? አመመህ?»

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ምን አደርጋለሁ? ይቺ ቶሎ ታድጋለች። መንገዱን ከለለችብኝ።»

«ከሚስቴ ጋር እኮ አጣላሽኝ!»

«እኔ ምን ላድርግ? ተባይ ነው ብዬ ነግሬያት ነበር። እምቢ ያለችው እሷ ናት።»

የምቀመጥበት አጥቼ ቆምሁ። ያ ሁሉ የሳሙና ውኃ፣ ያ የትምባሆ ሽታ፣ ያ የጓደኛዬ ሐፍረት። «በአንድ ቃል ንገሪኝ ምን ነበረበት?» አልሁ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። «አንሡልኝ ብትይ እኮ እናነሣው ነበር!»

ቀስ ብላ ወረደችና ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች።

«ሰው ቤት መጥቼ መስኮት ክፈቱልኝ ልበል? አሳከማችሁኝ፣ አበላችሁኝ፣ አስተኛችሁኝ። በዚያ ላይ ደግሞ ዕቃችሁን አንሡ ልበላችሁ?»

«ሰው ቤት? የልጅሽ ቤት እኮ ነው።»

«የእሷም ቤት ነው» አለች። «ስንት ዓመት ጉም ውስጥ ከረምሁ። ሐኪሙ ጨርቁን ሲያነሣልኝ መጀመሪያ ያየሁት ያንተን ፊት ነው። አርጅተሃል። ከዚያ ወስዳችሁ ቅጠል ፊት አስቀመጣችሁኝ» አለችኝ።

ዓይኗን ያሳከምሁ ልጅ ነኝ ብዬ ለሥራ ባልደረቦቼ ሳወራ ሰንብቼ ነበር፤ ምን እያየች እንደምትውል ግን አንድ ቀን አልጠየቅኋትም።

ሶፋው ላይ ወጥቼ በክፍተቷ አየሁ። ከመንገዱ ማዶ ጨርቅ የሚሸጡት ሽማግሌ ሱቃቸው ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። የእኔን ፊት ሲያዩ እጃቸውን አነሡ፤ እሷ አለመሆኗን ሲያውቁ ግራ ተጋብተው አወረዱት።

«እኒያ ሰውዬ የተባረኩ ናቸው» አለች እናቴ ከኋላዬ። «ሚስታቸው ምሳ ይዛ ስትመጣ ሁልጊዜ ከመቀመጫቸው ይነሡላታል። አንተ ለሚስትህ ስትነሣ አይቼ አላውቅም።»

ስብሰባው አመለጠኝ።

እናቴ ለባለቤቴ እንዳልነግራት ለመነችኝ። እኔ ግን ሦስት ቀን በዝምታ ሽሮ የበላሁ ሰው ነኝ፤ ከሥራ ስትመለስ በሩ ላይ ጠብቄ ነገርኋት። አንዴ ይቅርታ ትለኛለች ብዬ ነበር። ቦርሳዋን አስቀመጠችና እኔኑ አፈጠጠችብኝ።

«መደርደሪያውን ስታሠራ ሰው ሲመጣ የት ሆኖ ውጭ ያያል ብለህ አላሰብህም?»

«ወለሉን በተክል የሞላሽው አንቺ ነሽ!»

«እናትህ ናቸው እኮ! ማወቅ የነበረብህ አንተ ነህ።»

ትታኝ ወደ ውስጥ ገባች፤ ከእናቴ ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። ጨለማ ውስጥ አስቀምጬዎት» አለቻት። እናቴም «አንቺ ምን አጠፋሽ? ቅጠልሽን የጨረስሁት እኔ» ብላ ጉንጯን ሳመቻት። ሁለቱም ዓይናቸውን አበሱ፤ እናቴ ዓይኗን ማሸት እንደሌለባት የሐኪሙን ቃል ያስታወስኋት እኔ ነኝ። እኔን ይቅር በለን ያለኝ ሰው አልነበረም። እስካሁንም የለም።

ቅዳሜ መደርደሪያው ወደ መኝታ ቤት ይዛወር ተባለ። ጎረቤቱን እንደገና ድሪል ለመንሁ። የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ከስስ ብሎኬት የተሠራ ስለሆነ አንድ ቀዳዳ ስበሳ ጡጫ የሚያህል ይፈርሳል። ሲሚንቶ ገዝቼ ደፈንሁ፣ እንደገና በሳሁ፤ ከታች ያሉት ሰዎች ጣሪያቸውን በዱላ ደበደቡ። ወደ ማታ መደርደሪያው ቆመ፤ ከአልጋው በእኔ በኩል፣ በመኝታ ቤቱ መስኮት ፊት። ሳሎኑ ግን ሌላ ቤት ሆነ። መስኮቱ ሁለት ክንፉ ተከፍቶ ነፋሱ ገባ፤ እናቴ እሑድ ከቀትር በፊት ተቀምጣበት ከጨርቅ ነጋዴው ጋር በእጅ ብዙ አወሩ።

በሦስተኛው ቀን ጠራችኝ።

«ልጄ፣ ፀሐዩ ዓይኔን ወጋው። ከእነዚያ አንዷን፣ ቅጠለ ሰፊዋን፣ ከዚህ ከዳር ብታስቀምጥልኝ።»

ባለቤቴ ወዲያው መኝታ ቤት ገብታ ማሰሮ እያነሣች ነበር። «ይቺን ነው እማማ?» «አይ፣ ያቺ ውኃ ታንጠባጥባለች። ያቺኛዋን።» በዚህ መልክ አምስቱ ተመለሱ፤ የት እንደሚቆሙ እናቴ በጣቷ እያሳየች፣ ባለቤቴ እየገፋች፣ ማንም እኔን ሳይጠይቅ።

እናቴ ሁለት ወሯን ጨርሳ ወደ አገሯ ሄደች። አውቶቡሱ መንገድ ላይ ሐሙሲት ከተማ ሲቆም ስልክ ደወለችና በጉዞው ያየችውን ሁሉ ዘረዘረችልኝ፤ የማሳውን፣ የሰውን፣ የአህያውን። ከዚያ በኋላ ባለቤቴን አሁንማ መደርደሪያውን ወደ ሳሎን እንመልሰው አልኋት፤ በመኝታ ቤት ጨለማ ተኝቼ ለሥራ እያረፈድሁ ነውና።

«እሳቸው ለክትትል ሲመጡ የት ይቀመጣሉ?» አለችኝ።

እስከዚያ እኔ ጫካ ውስጥ እተኛለሁ። ያቺ የተመለጠችው ሐረግ ደህና አድርጋ አቆጥቁጣለች፤ ጠዋት ስነሣ ጆሮዬ ላይ አገኛታለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ባለቤቴ አንዲት አዲስ ይዛ ገባች። የመጨረሻዋ ናት አለች።