የእንየው መልስ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴ ስንቱን ስናዘዝ ይህን ዘልየዋለሁ፤ ለሚስቴም አልነገርኳትም። እርስዎ ስሜንም መልኬንም አያውቁምና ይስሙኝ።

እንየው የስማዳ ልጅ ነው፤ የወገዳ። እኔ የንፋስ መውጫ። ዩኒቨርሲቲ አብረን ተምረን አብረን ተመረቅን። በዚያው ክረምት አዲስ አበባ ያለ አንድ የሶፍትዌር ድርጅት ሁለታችንንም ለቃለ መጠይቅ ጠራን፤ በቪዲዮ፣ እኔን ሰኞ፣ እሱን ሐሙስ። ወገዳ ኔትወርኩ ስለሚያስቸግር እንየው እኛ ቤት መጥቶ ሰነበተ።

ሰኞ ዕለት ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ጠያቂዋ ረጋ ያለች ሴት ነበረች። ከከተማ ወደ ከተማ የሚያደርሰውን አጭሩን መንገድ የሚያገኝ ኮድ ጻፍ አለችኝ። ሳጠናው የከረምኩት ነገር ነው። ሰው እያየኝ ግን መጻፍ አቃተኝ። እንየው ከካሜራው ውጪ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፤ ኔትወርኩ ቢቋረጥ በስልኩ ሊያገናኘኝ። ጭንቀቴን ሲያይ ወረቀት አንስቶ መልሱን ጻፈና ወደ እኔ አዙሮ ያዘልኝ። ጻፍልኝ አላልኩትም። ተውም አላልኩትም። ቃል በቃል ገለበጥኩት። መነሻዋን ከተማ «ወገዳ» ብሎ ሰይሟት ነበር፤ እሷንም ሳልቀይር ገለበጥኩ። «በጣም ጥሩ» አለችኝ ሴትዮዋ። እኔም ፈገግ አልኩ። አዎ፣ እኔ ነኝ ፈገግ ያልኩት።

ሐሙስ ያው ጥያቄ ለእንየው መጣ። ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። «ጥያቄውን አውቀዋለሁ» ቢል እኔን ማጋለጥ ሊሆንበት ነው። ዝም ብሎ የገዛ መልሱን ጻፈ፤ እጁ እንደለመደው፣ ከነወገዳዋ። ሴትዮዋ አነበበችውና «ይህን ከየት አመጣኸው?» አለችው።

«ራሴ ነኝ የጻፍኩት» አላት።

በማግስቱ ለእኔ ደወለች። እንየው ለእናቴ ሽንኩርት ሊገዛ ገበያ ወጥቶ ነበር።

«ጓደኛህ መልሱን ከአንተ ነው የወሰደው?»

«የእሱ ነው» ማለት ምን ይከብዳል? እኔ ግን «አዎ፣ አሳየኝ ብሎኝ ነው» አልኳት። «ጥፋት አልመሰለኝም ነበር» ብዬም ጨመርኩበት። ጨምር ያለኝ ማን ነው? ማንም።

ሥራው ለእኔ ሆነ። እንየው ወደ ወገዳ ሲመለስ መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። «ሌባ ነው ብለውኛል መሰለኝ» አለኝ ቀስ ብሎ። «አንተ እንኳ አለፍክ፤ ተመስገን ነው።» ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ቃለ መጠይቅ ፊት አልቀረበም። ዛሬ ወገዳ ላይ ስልክ ይጠግናል።

ዓምና ሲያገባ ሚዜ አደረገኝ። በሰርጉ ማግስት ወደ መኪናው ሊሸኘኝ እጄን ይዞ አብረን ስንወርድ፣ መሬት መሬት እያየ «አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለኝ። «ያኔ ስለ እኔ ጠይቀውህ ነበር እንዴ?»

ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። እንደው ማወቅ የፈለገ ሰው ድምፅ ነው።

«ኧረ የለም፤ ማንም አልጠየቀኝ» አልኩት።

«እኔም እንደሱ ነው የገመትኩት» አለና ትከሻዬን ቸብ አደረገኝ።

ለመጀመሪያው ውሸት ሰበብ አላጣሁለትም። ሥራ ፈት ነበርኩ፣ ፈርቼ ነበር፣ ልጅነት ነው እያልኩ ራሴን ስሸነግል ኖሬያለሁ። ለሁለተኛውስ ምን እላለሁ? እንጀራዬን የሚነጥቀኝ አልነበረም። የጠየቀኝ ወዳጄ ነው፤ በገዛ ሰርጉ ማግስት፣ እጄን ይዞ። እያወቅሁ ዋሸሁት።

ስለዚህ ይፍቱኝ አልልዎትም። የሚፈታኝ እሱ ብቻ ነው፤ ለእሱም እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።