አባቴን ከተማ ያስጎበኘሁበት ረቡዕ

ከቤቴ በር ጀርባ ባለው ሚስማር ላይ አንድ ጥቁር ጥላ ተንጠልጥሏል። ሽቦው ዝጓል፤ ጨርቁም ከጥቁርነት ወደ ቡናማነት ሄዷል። በአንድ ጎኑ መዳፍ የምታህል አረንጓዴ ጨርቅ ተጥፎበታል። ዝናብ ሲነካው የእርጥብ ጨርቅና የጧፍ ሽታ ይሸተኛል። ጧፉ እንኳን የኔ ፈጠራ ሳይሆን አይቀርም፤ ይህን ያህል ዓመት የሚቆይ ሽታ የለም።

ባለፈው ሳምንት አንድ አስጎብኚ ወጣት ሦስት እንግዶች አስከትሎ በደጄ አለፈ። የሁለት ሰዓት የእግር ጉብኝት ነው አሉኝ ሥራው። ወደ ኋላው እየተራመደ፣ በጣቱ እየጠቆመ፣ የከተማዋ የድሮ ስም መንቆረር እንደነበር ይነግራቸዋል። ቆሜ ሳየው ሳቄ መጣ። ይህን ሥራ እኔ ከእሱ በፊት ሠርቼዋለሁ፤ አንድ ቀን ብቻ፣ ለአንድ እንግዳ። እንግዳው አባቴ ነበር።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። አባቴ ከደብረ ወርቅ ወጣ ብላ ባለች የገጠር ደብር ቄስ ነበር። ፊደል ያስቆጠረኝ፣ ቁም ጽሕፈት ያስለመደኝ እሱ ነው። ደብረ ማርቆስ ለመምህርነት ልማር ስመጣም «ሴት ልጅ ብቻዋን ከተማ ትላካለች ወይ?» ያለውን የደብሩን ሰው ሁሉ ዝም ያሰኘ እሱ ነው። እኔ ግን መንፈቅ ሳይሞላኝ ወደቅሁ። ያለፉት ሰዎች ቁጥር የተለጠፈበትን ሰሌዳ ሁለት ጊዜ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ ቁጥሬ የለም። ከዚያ ከጥር ጀምሮ ገበያው ዳር ባለች አንዲት ሻይ ቤት ተቀጠርኩ። ለቤተሰቤ ግን በየወሩ «ትምህርቱ ደህና ነው» ብዬ እጽፍ ነበር።

ለምን ዋሸሽ ትሉኝ ይሆናል። አባቴ ካወቀ ይዞኝ ይመለሳል። ከተመለስኩ ደግሞ ለጋብቻ የጠየቀኝ አንድ ዲያቆን ይጠብቀኛል። ዲያቆኑ ክፉ ሰው አልነበረም፤ አሁንም አይደለም። እኔ ግን ከተማውን ወድጄው ነበር። ማለዳ የሻይ ቤቱን መዝጊያ ስከፍት የዳቦው ሽታና የጋሪ ፈረሶች ቃጭል አንድ ላይ ሲመጡብኝ ደስ ይለኝ ነበር። ከዚህ የተሻለ ምክንያት አልነበረኝም።

በመጋቢት፣ ዐቢይ ጾም ሲጋመስ፣ አንድ የአገራችን ነጋዴ መልእክት አመጣልኝ። «አባትሽ ረቡዕ ለቤተ ክህነት ጉዳይ ይመጣሉ። ጉዳያቸውን ሲጨርሱ ከተማሽን አሳዪኝ፣ የምትማሪበትንም ልየው ብለዋል።» አባቴ ማርቆስ ብዙ ጊዜ መጥቷል፤ የሚያውቀው ግን መናኸሪያውንና ቤተ ክህነቱን፣ በሁለቱ መካከል ያለውንም መንገድ ነው።

ሦስት ቀን ነበረኝ። በደብተሬ ጀርባ መንገዱን ነደፍኩት። ከቤተ ክህነት ወደ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ወደ ድሮው የጎጃም ንጉሥ ግቢ፣ ከዚያ ኮሌጁን ከሩቅ፣ ከወዲያኛው ኮረብታ ላይ፣ ከዚያ በጓሮ መንገድ ወደ መናኸሪያ። ገበያው የለበትም። ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ ብቻዬን ሄጄ ለካሁት፤ አንድ ሰዓት ከሩብ ወሰደብኝ። የአባቴ አውቶቡስ የሚነሳው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ከስድስት ሰዓት ብንጀምር ጊዜ ይተርፈናል። ለባለሻይ ቤቷ «ዘመድ ይመጣብኛል» ብዬ የግማሽ ቀን ፈቃድ ጠየቅሁ።

ረቡዕ በቤተ ክህነቱ በር ቆሜ ጠበቅሁት። ነጭ ጥምጣሙን አስተካክሎ፣ ጥላውን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ወጣ። መስቀሉን ዘረጋልኝ። መስቀል ሲሳለሙ ግንባርን ያስነካሉ፣ ከዚያ በከንፈር ይስማሉ። እኔ ግንባሬን ብቻ አስነክቼ ቀና አልኩ። በዋሸ አፌ መሳም ከበደኝ።

«ከስተሻል» አለኝ።

«ጾም አይደል» አልኩት።

እቤት ውስጥ «አንተ» እንለው ነበር፤ ሰው ፊት ሲሆን «እርስዎ»። መንገዱን የጀመርነው በ«እርስዎ» ነው። «ይሄውልዎ ፖስታ ቤቱ። ይሄ ደግሞ ፍርድ ቤቱ።» ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ።

ስለካው ያልቆጠርኩት አንድ ነገር ነበር። እኔ መንገዱን የለካሁት ብቻዬን ነው። ቄስ ደግሞ በጎጃም ከተማ ብቻውን አይሄድም። ገና ሃምሳ እርምጃ ሳንራመድ አንዲት አሮጊት ዘንቢላቸውን መሬት አስቀምጠው «አባ ይፍቱኝ» አሉ። አባቴ ቆመ፤ መስቀሉን ከጋቢው ሥር አወጣ፤ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አለ። እሳቸውን ያየ ጫማ ጠራጊ ብሩሹን ጣለ። ጫማ ጠራጊውን ያዩ ሁለት ተማሪዎች መንገድ ተሻገሩ። አንድ ባለጋሪ ፈረሱን አቁሞ ወረደ፤ ተሳፋሪዎቹም ተከትለውት ወረዱ። አንድ ሙስሊም ልብስ ሰፊ ከስፌት መኪናው ተነስቶ በሁለት እጁ ጨበጠውና «ፀሐይ ነው አባባ፣ ትንሽ አረፍ ይበሉ» ብሎ ወንበሩን አወጣለት። አባቴ ሰውየውን ለማክበር ሲል ተቀመጠ። የሰውየውን ልጆች፣ የልጆቹን ትምህርት፣ የእህሉን ዋጋ ጠየቀ። አባቴ ሰላምታ በአጭሩ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ሰባት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። ግቢው ውስጥ ያሉት ዛፎች ጥላቸው ቀዝቃዛ፣ ሽታቸው የደረቀ ቅጠልና የዕጣን ነበር። አባቴ ተሳልሞ ዙሪያውን ዞረ። የንጉሡን ግቢ ከውጭ አየነው። አባቴ ግንቡን በመዳፉ እየዳበሰ «ድንጋዩን ያቆሙት ሰዎች ስማቸው አልተጻፈም» አለ። አሁን ያ ወጣት አስጎብኚ ለእንግዶቹ ስለዚያ ግንብ ብዙ ያወራል፤ ይህን ግን አይልም።

«በቃ፣ አሁን ኮሌጁ» አለ አባቴ።

«ሰዓቱ ሄዷል አባ። ሌላ ጊዜ ያዩታል።»

«የመጣሁት እሱን ለማየት ነው።»

ይህን የሰማው ሌላ ሰው አልነበረም፤ ከቅድሙ ባለጋሪ በቀር። ባዶውን ሲመለስ አይቶን አጠገባችን ቆሟል። «ኮሌጁን ነው አባ? ምን ችግር አለው! በገበያው ውስጥ ቢያቋርጡ ዐሥር ደቂቃ አይሞላም» አለና በአለንጋው አሳየው። አባቴ መረቀው፤ ወደ ገበያውም አቀና። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። እኔ ከኋላው እየተራመድኩ ነጠላዬን እስከ ግንባሬ ሳብኩ።

ሻይ ቤቷ ጋ ስንደርስ በወዲያኛው ዳር ለማሳለፍ ሞከርኩ። ባለሻይ ቤቷ ግን መስቀል አይታ የምትቀር ሴት አልነበረችም። እጇን በሽርጧ እየጠረገች እየሮጠች ወጣች። «አባ፣ ይፍቱኝ!» ተሳለመች፤ ቀና ስትል እኔን አየች።

«ውይ! አባትሽ ናቸው እንዴ? ዘመድ ያልሽኝ እሳቸውን ነው?» አለችኝ፤ ወዲያው ወደ አባቴ ዞረች። «አባ ይሙቱ፣ ልጅ አሳድገዋል! ከጥር ወዲህ እሷ ባትኖር ይሄ ቤት ተዘግቶ ነበር። ይግቡ፣ አረፍ ይበሉ።»

ክፉ ሴት አልነበረችም። ያወቀችው ነገር የለም፤ እኔም ነግሬያት አላውቅም። አባቴ ጎንበስ ብሎ ገባና አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ሻይ ስታቀርብለት «እጾማለሁ ልጄ» አላት። ከዚያ ዓይኑን ወደ ግድግዳው አነሳ። እዚያ እኔ በካርቶን ላይ የጻፍኩት ዝርዝር ተሰቅሏል። አባቴ ባስተማረኝ ቁም ጽሕፈት፣ የፊደሎቹን እግር ወፈር አድርጌ፣ የአርእስቱን ቃል በቀይ ቀለም። እንደዚያ የሚጽፍ ሰው በዚያ ገበያ አልነበረም።

አባቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ፣ መጽሐፍ እንደሚያነብ ሰው አነበበው። «ሻይ። ዳቦ። የጾም ፍርፍር። አምባሻ።» እስከ መጨረሻው ድረስ አነበበ።

«ጽሕፈቱ ጥሩ ነው» አለ።

«የሷ እኮ ነው!» አለች ባለሻይ ቤቷ።

«አውቄዋለሁ» አለ አባቴ። ተነስቶ ቤቱን ባረከላት፤ ወጣን።

ገበያውን አቋረጥን። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ ሁለታችንም ፊት ለፊታችን እያየን ሄድን። ሰው አሁንም ያስቆመው ነበር፤ አሁን ግን በየማቆሚያው ደስ አለኝ። ሲቆም አያናግረኝም። እኔ በሐሳቤ ሣጥኔን እያሰርኩ ነበር። ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ ደብተሮቹ። ከስምንት ሰዓቱ አውቶቡስ በፊት ሄጄ ለማምጣት ጊዜ ይኖረኝ እንደሆነ አሰላ ነበር።

ሰው ያልነበረበት ቦታ ስንደርስ «አባ» አልኩት። «ልንገርህ።»

እጁን አነሳ። «እኔ የንስሐ አባትሽ አይደለሁም» አለ። «አባት ለልጁ የንስሐ አባት አይሆንም፤ ሥርዓቱ አይደለም። ለንስሐ አባትሽ ሂደሽ ትነግሪዋለሽ። እኔ የመጣሁት ከተማውን ልታሳዪኝ ነው። ኮሌጁ በየት በኩል ነው?»

ሥርዓቱ እውነት ነው፤ ቄስ ልጁን አያናዝዝም። ግን ያን ቀን አባቴ ሥርዓቱን እንደ ጋቢ አውልቆ ደረበልኝ። ያኔ ማልቀስ ነበረብኝ፤ አላለቀስኩም። «በዚህ በኩል» ብዬ መራሁት።

ኮሌጁ በር ላይ ዘበኛው ተሳለመና «ይግቡ አባ፣ ይጎብኙ» አለ። እኔን አይቶ ሊያስታውሰኝ ሞከረ። አባቴ «ከዚህ ይበቃኛል» አለው። በአጥሩ ሽቦ መካከል ረጅሙን ሕንፃና ባሕር ዛፎቹን ተመለከተ።

«የትኛው ክፍል ነበርሽ?»

«ሦስተኛው መስኮት።»

ጥቂት ቆሞ አየው። «ብርሃን አለው» አለ።

መናኸሪያ ስንደርስ አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቷል፤ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ደብረ ወርቅ! የሞላ!» ይላል። አባቴን ሲያይ ወርዶ ተሳለመ። ከዚያ እኔን አየኝና ጠየቀ።

«አባ፣ ስንት ሰው?»

አባቴ አየኝ። በሕይወቴ የዚያን ያህል ያየኝ ሰው የለም። ለመናገር አፌን ከፈትኩ፤ ምን ልል እንደነበር ዛሬም አላውቅም።

«አንድ» አለው አባቴ።

መስቀሉን ዘረጋልኝ። ግንባሬን አስነካሁ፤ ከዚያ ሳምኩት። የእንጨቱ የላብና የወይራ ጣዕም ከንፈሬ ላይ ቀረ። ተሳፈረ። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮቱ ጥላውን አውጥቶ ሰጠኝ።

«ማለዳ አይደል የምትከፍቱት?» አለኝ። «ዝናቡ እየመጣ ነው።»

ይኸው ነው። መምህርት ሳልሆን ቀረሁ። ዲያቆኑ ሌላ አገባ፤ ስድስት ልጆች አሉት አሉ። ለእናቴ ራሴ ሄጄ ስለ ትምህርቱ የነገርኳት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። አባቴ ግን ከዚያ ረቡዕ በኋላ ስለ ኮሌጁ ከማንም ጋር አላወራም። «ልጅህ እንዴት ናት?» ሲሉት «ከተማውን ጠንቅቃ ታውቀዋለች፤ አትጠፋም» ይላቸው ነበር። ውሸት አይደለም።

አባቴ ባረፈ በዓመቱ እናቴ ማርቆስ መጣች፤ እኔ ቤት ስትገባ የመጀመሪያዋ ነው። ነጠላዋን ልትሰቅል ወደ በሩ ዞረችና ቆመች። አረንጓዴውን ጨርቅ በጣቷ ዳሰሰችው። ከራሷ ቀሚስ ቀድዳ የጣፈችው እሷ ነበረች።

«አውቶቡስ ላይ ረሳሁት ነበር ያለኝ» አለች።

አባቴ ሲዋሽ ሰምታው የማታውቅ ሴት ናት።

«ዝናብ እየመታው ማዳበሪያ ደርቦ ቅዳሴ ሲሄድ፣ አንተ ዝንጉ እያልኩ» አለች። ጥላውን ከሚስማሩ አወረደችው፤ አልዘረጋችውም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጭኗ ላይ አጋደመችው። «ስንት ክረምት ተቆጣሁት» አለች።