ለሙሽራው የተቀዳ ውሃ

ፈሂማ የባሏን ሞት የሰማችው ከመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ነው። ጓዳ ተቀምጣ፣ ሩዝና ሥጋ ልትሞላበት ዝኩኒ እየፈለፈለች ነበር። ሼህ ያሲን እንደ ልማዳቸው ማይክሮፎኑ ላይ እፍ እፍ አሉና የሉጥፊን ስም ከነአባቱ ጠሩ።

ሳቀች። «አላስቻለውም!» አለች ለራሷ።

አንድ ልጃቸው አውኒ እሁድ ከእስር ይወጣል፣ ሐሙስ ሠርጉ ይሆናል ተብሎ ነበር። ሉጥፊ ጠዋት ሲወጣ፣ «ዛሬ ሼሁን አገኝና መንደሩን በሙሉ ጥሩልኝ እላቸዋለሁ» ብሏት ነው የሄደው። ቢላዋዋን አስቀመጠች። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ የልጇ ሠርግ እንዴት ባለ ድምፅ እንደሚታወጅ ልትሰማ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። ሼሁ ስሙን ደገሙት። ከስሙ ቀጥሎ ሰው ሲሞት የሚባለውን አሉ፤ ቀብሩም ከዐስር፣ ከከሰዓቱ ሶላት በኋላ መሆኑን ተናገሩ።

ማታ ሼሁ መጥተው በር ላይ ቆሙ። እንደ መንደሩ ወግ በልጇ ስም ጠሯት። «የነገሩሽ መስሎኝ ነው ኡሙ አውኒ። ወላሂ፣ የነገሩሽ መስሎኝ ነው።»

«ምንም አይደል ሼህ» አለቻቸው። 

ሉጥፊ የዴር ሱማቅ ፀጉር አስተካካይ ነበር። አባቱም ያንኑ ሱቅ፣ ያንኑ የሚሽከረከር ወንበር ይዞ ኖሯል። መንደሩ ውስጥ ወንድ ልጅ ሲያገባ፣ በሠርጉ ዋዜማ ወንበሩ ወደ አደባባዩ ይወጣል፤ ሙሽራው በጓደኞቹ ጭብጨባ መሀል ይላጫል፤ ከዚያ ወስደው ያጥቡታል። ሉጥፊ ግማሽ ጉንጭ ላጭቶ ምላጩን ያነሳና፣ «ዘፈኑ ቀዘቀዘ፤ ምላጬም ቀዘቀዘ» ይላል። ሙሽራው ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደሆነ ይጮሃል፤ ጓደኞቹ ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ ይዘፍናሉ። የመንደሩ ባሎች ሁሉ በዚያ ምላጭ አልፈዋል።

ውሃው ከምንጩ ነበር የሚቀዳው፤ ከአልሞንድ ዛፎቹ እርከን በታች ካለው። ወግ ነው፤ ማንም ለምን ብሎ ጠይቆ አያውቅም። ከዚያ ኮረብታው ላይ የሰፈሩት ሰፋሪዎች ወረዱና ምንጩን አጠሩት። አግዳሚ ወንበር አኖሩበት፤ ምንጩን በሌላ ስም የሚጠራ ሰሌዳ ተከሉበት። በበጋ ልጆቻቸው ይዋኙበታል። ከአጥሩ አጠገብ ወታደሮች ማማ ሠሩ። ከዚያ ወዲህ የዴር ሱማቅ ሙሽሮች በቧንቧ ውሃ ይታጠቡ ጀመር፤ ያውም ቧንቧው ውሃ በሚሰጥበት ቀን።

አውኒ ነው፣ «ዝም ብለን የምናየው እስከ መቼ ነው?» ብሎ የተነሳው። ወጣቶቹን ሰበሰበ። በየዓርቡ ከሶላት በኋላ ባንዲራና ጽሑፍ ይዘው ወደ ምንጩ ይወርዱ ጀመር፤ በየዓርቡም በአስለቃሽ ጭስ እያሳሉ ይመለሳሉ። ሉጥፊ ከኋላ ነበር የሚሄደው፤ ባንዲራ ሳይሆን ቢጫ ጄሪካን ይዞ። አንድ ቀን የውጭ አገር ጋዜጠኛ መጥታ ምን እንደሚፈልግ ጠየቀችው።

«ልጄን ልድር» አላት።

«ከፖለቲካው ነው ያልኩህ።»

«እኮ! ማንንም ሳላስፈቅድ፣ በገዛ ውሃዬ አጥቤ ልጄን ልድር።»

ከቃለ መጠይቁ በኋላ መንደሩ ሳቀበት። ፈሂማም ስቃለች።

አውኒን ወታደሮች በሌሊት መጥተው ወሰዱት። ክስ የለም። የአውኒ ጠበቃ ፋይሉ ምስጢር ነው ተብላለች፤ እሷም አላየችውም፣ እሱም አላየውም። ስድስት ወር ተባለ፤ ሲያልቅ ደግሞ ሌላ ስድስት ወር ጨመሩ። ከዚያ በኋላም እንደዚያው። እጮኛው ነዳ የገዛችውን የሠርግ ቀሚስ በአንሶላ ጠቅልላ አልጋ ሥር አስገባችው።

ሉጥፊ ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ጢሙን አልነካውም። አውኒን ላጭቶ፣ በዚያው ምላጭ የራሱን ሊያነሳ ምሎ ነበር። ጢሙ ደረቱ ላይ ደረሰ። ጎረቤቱ ሸውቃት ለፀጉር በመጣ ቁጥር አይለቀውም ነበር።

«አቡ አውኒ፣ ጢምህ ውስጥ ያለችው ወፍ እንቁላል ጥላለች ወይስ ገና ናት?»

«አፍህን ዝጋ፤ ምላጭ ይዣለሁ።»

«የፀጉር አስተካካይ ጢም እንዲህ ከሆነ፣ የኛማ አለቀልን!»

«አውኒ ሲወጣ አንተንም በነፃ እላጭሃለሁ። ራስህን ግን አልችልበትም፤ እሱ ሐኪም ነው የሚፈልገው።»

ባለፈው ሳምንት ጠበቃዋ ደወለች። እስሩ የሚታደስ አይመስለኝም፣ እሁድ ሳይወጣ አይቀርም አለች። ነዳ ቀሚሷን አወጣች። ሉጥፊ ወንበሩን ዘይት ቀባው። ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ፈሂማ ከሶላት ስትነሳ ቢጫውን ጄሪካን ይዞ በር ላይ አገኘችው።

«ወዴት ነው?»

«ልቅዳ።»

«ዛሬ ዓርብ ነው እንዴ? አንተ ሰውዬ፣ ቧንቧው ውሃ አለው!»

«የሰዉን ልጅ ሁሉ በቧንቧ ውሃ አጥቤያለሁ። የራሴን አላጥብም።»

«በምን ያውቀዋል ልጁ? ውሃ ውሃ ነው።»

«እኔ አውቀዋለሁ» አለና ጫማውን አጠለቀ። «ሰፋሪዎቹ በዚህ ሰዓት ተኝተዋል። አጥሩ ከታች በኩል ተቀዷል። ቁርሱን ሠርተሽ ሳትጨርሺ እመለሳለሁ። ስመለስ ሼሁን አገኛቸዋለሁ።»

«ጢምህ አጥሩ ላይ ይያዛል» አለችው። እየሳቀ ወጣ። ለመጨረሻ ጊዜ ያለችው ያንን ነው።

ቀድቶ ነበር። ሊመለስ እርከኑን ሲወጣ ነው ከማማው የተኮሱበት። ሬዲዮው ወታደሮቹ አጠራጣሪ ዕቃ የያዘ ሰው ተመልክተው እርምጃ ወሰዱ አለ። ዕቃው ጄሪካን ነበር። ክዳኑ ጥብቅ ብሎ ተዘግቶ ስለነበር ውሃው አልፈሰሰም። ከአምቡላንሱ ቀድሞ ደርሶ ጄሪካኑን ያነሳው ሸውቃት ነው፤ ሼሁ ካወጁ በኋላ ደሙን በክንዱ ጠርጎ ለፈሂማ አመጣላት። 

«በዚሁ ውሃ ይታጠብ» አለች ፈሂማ አስከሬኑ ሲመጣ። «ለፍቶ የቀዳው ነው።»

ሼሁ አንገታቸውን ደፉ። «ሰማዕት አይታጠብም ኡሙ አውኒ። ከነደሙ ነው የሚቀበረው።»

«ይህም አይፈቀድለትም?»



ሸውቃት፣ ጢሙን ቢያንስ እናስተካክለው ወይ አለ። መቀስ ይዟል። ፈሂማ ከለከለችው። «ተወው። ምሏል።» ከነጢሙ ቀበሩት።

በማግስቱ ወጣቶቹ ፎቶውን በትልቁ አሳትመው ግድግዳው ሁሉ ላይ ለጠፉት። እንደ ሰማዕት ፎቶ ሁሉ ከኋላው ወርቃማ ጉልላት፣ ከላይ ንስር አለበት። ጢሙን አጥቁረውለታል። ፈሂማ ከሱቁ በር ላይ የተለጠፈውን ቆማ አየችውና፣ «ማነው ይሄ?» አለች። ነዳ ክንዷን ይዛ አስገባቻት።

እሁድ ጠበቃዋ ደወለች። ፈሂማ ከድምፅዋ ገና አወቀችው። እስሩን አድሰውታል።

«ያባቱ ሞት ለአሳሪዎቹ ተነግሯቸዋል?» አለች።

«ነግሬያቸዋለሁ። ምናልባት እሱ ነው ያባሰው» አለች ጠበቃዋ። «አሁን ቢወጣ መንደሩ ይነሳል ይላሉ።»

«እሱስ? ለአውኒ ነገሩት?»

«እኔ ነኝ የነገርኩት። ስለ ውሃው ጠየቀኝ። ጄሪካኑን በዜና አይቶታል።»

 «አለ በይው» አለች ፈሂማ።

ሸውቃት አሁን በየዓርቡ ከሰልፉ በኋላ ወደ ሱቁ ብቅ ይላል፤ አቧራውን ይጠርጋል፣ ወንበሩን አንዴ ያሽከረክራል። «አውኒን እኔ እላጨዋለሁ» ይላታል። «ጆሮው ከተረፈለት ዕድለኛ ነው።» ትስቅለታለች፤ ለሱ ብላ።

ነዳ ቀሚሱን መልሳ ጠቅልላዋለች። ቢጫው ጄሪካን ከሱቁ በር ጀርባ ነው፤ ክዳኑ አልተከፈተም። አውኒ ገና አልተላጨም።