የጉደታ ዘፈን

ኃይለመስቀል ጉባኤ ወዳድ ሰው ነበር። ኮሌጅ ገብቶ የተማረው የማኅበረሰብ ጥናት ቢሆንም፣ በ1952 ዓ.ም. አሰላ የተመደበው ለጂኦግራፊ አስተማሪነት ነው። እሱም አልከፋውም። ቅዳሜና እሁድ እየዞረ የአርሲን ዘፈን ያዳምጣል፣ ማስታወሻ ይይዛል፤ ክረምት ሲገባ ጥናቱን በብብቱ ሸጉጦ አዲስ አበባ ወደሚደረገው የምሁራን ጉባኤ በአውቶቡስ ይሄዳል።

እዚያም ተራው ሁልጊዜ ከምሳ በፊት ያለችው የመጨረሻ ሰዓት ናት፤ የሊቃውንቱ ዓይን በር በሩን የሚያይባት። «በአርሲ ዘፈን ይፈርዳል» ብሎ ያነባል። ሰብሳቢው በየዓመቱ ያችኑ ጥያቄ ይጠይቁታል። «መልካም ነው፤ ዘፈኑ የታለ?» ኃይለመስቀል ያለው ወረቀት ብቻ ነው። አንጀቱ እያረረ ምሳውን ይበላል።

በ1954 በባትሪ የሚሠራ ቴፕ ተውሶ መጣ። በዚያው ሰሞን ሳጉሬ አጠገብ ጉደታ የሚባል ገበሬ ከወለደች ሳምንት ያልሞላትን ሚስቱን መታ። አራስ መምታት በዚያ አገር ከባድ ነውር ነው። ሴቶቹ በሠርጋቸው ቀን ከእናቶቻቸው የተቀበሉትን ቀጭን በትር፣ ሲንቄያቸውን ይዘው ቤታቸውን ጥለው ወጡ። አደ ሀሊሜ የሚባሉ እናት እየመሯቸው ጉደታ ደጅ ቆመው ዘፈኑበት። የእሱ ስም ተነሣ፣ የአባቱ ስም ተነሣ፣ ፈረሱ እንኳ አልቀረ። ኃይለመስቀል ሁሉንም ቀዳ። በሦስተኛው ቀን ጉደታ ሽማግሌ ልኮ ጥፋቱን አመነ፣ ወይፈን አረደ፤ ሴቶቹም መርቀውት ወደየቤታቸው ገቡ።

«አስተማሪ፣ ታርቀናል» አሉት አደ ሀሊሜ ሲሰነባበቱ። «ከእንግዲህ ይህ ዘፈን የለም።»

ኃይለመስቀል ግሩም አባባል ሆኖ አገኘውና በደብተሩ ጻፈው። ጻፈው እንጂ አልሰማውም፤ የተማረ ሰው አንዳንዴ እንዲህ ነው።

ጉባኤው ላይ ቴፑ ሲከፈት ምሳ ተረሳ። ሰብሳቢው ራሳቸው አጨበጨቡ። «በሚመጣው ዓመት የውጭ አገር ሊቃውንት ይመጣሉ፤ ይህን ይዘህ የመክፈቻው ዕለት ትቀርባለህ» አሉት።

አሰላ ሲመለስ ደስታው አላስቀምጥ ስላለው፣ በገበያ ቀን መስኮቱን ከፍቶ ለባልደረቦቹ አሰማ። ጉደታ ገብሱን ሸጦ ፈረሱን እየሳበ በዚያ ሲያልፍ የገዛ ስሙን ሰማ። ቆሞ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ቤቱ ሲደርስ ሚስቱን፣ «እርቁ ፈርሷል፤ ልጅሽን ይዘሽ ወደ አባትሽ ቤት ሂጂ» አላት።

ከሁለት ቀን በኋላ ማለዳ፣ ሲንቄ የያዙ ሴቶች የኃይለመስቀልን ደጅ ሞሉት። የጉደታም ሚስት ሕፃኗን አዝላ መሐላቸው ነበረች። ተማሪዎቹ አጥር ላይ ተንጠላጥለው እያዩ የአስተማሪያቸው ስም ተዘፈነ። የአባቱም ስም ተዘፈነ፤ ማን እንደ ነገራቸው እንጃ። ጥናቱ ትክክል መሆኑን በገዛ ራሱ ላይ አረጋገጠ።

«አደ ሀሊሜ፣ ምን ላድርግ? እርስዎ ይንገሩኝ» አለ።

«እኛ የመረቅነውን ሰው አንተ መልሰህ ከሰስከው። ወላሂ፣ ይቺ ልጅ ባንተ ምክንያት ቤቷ አይፈርስም! ዘፈኑን አጥፋው፤ ጉደታም በጆሮው ይስማ።»

«ያለኝ እኮ ይህ አንድ ብቻ ነው።»

«እሱስ ደግ ነው። ሁለት ቢሆን ሁለት ቀን እንዘፍንብህ ነበር።»

የመክፈቻው ዕለት ትዝ አለው። ሕፃኑ ግን እናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ እያለቀሰ ነበር፤ ኃይለመስቀል ቴፑን አንሥቶ ተከተላቸው።

ጉደታ ደጅ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ኃይለመስቀል የቴፑን ጥቅልል ወደ መጀመሪያው አጠንጥኖ እንደገና የመቅጃውን ቁልፍ ተጫነ። ማንም አልተናገረም። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ዝምታ በዘፈኑ ላይ ተቀዳበት። ከዚያም ለጉደታ ከፍቶ አሰማው። ጉደታ እስከ መጨረሻው አዳመጠ፤ ተነሥቶም ሚስቱን፣ «ግቢ፣ ብርድ ነው» አላት።

በዓመቱ፣ የመክፈቻው ዕለት፣ ኃይለመስቀል በውጭ አገር ሊቃውንት ፊት ቆሞ ያንኑ ቴፕ ከፈተ። አንድ ሽማግሌ ሳለ። ፈረስ አሽካካ። ሌላ ምንም የለም። እንግዶቹ ተያዩ፤ ሰብሳቢው አፍረው ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ።

«ዘፈኑ የታለ?»

«ታርቀዋል» አላቸው።