ቦርጫሙ ያረጀብን ጊዜ

ባሌ ዱር ቤቴ ብሎ ከወጣ በኋላ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ እስቅ ነበር። ቅዳሜ፣ ገበያው ተበትኖ ሲጨላልም፣ ጣሊያኖች በካሚዮን መጥተው ደብረ ማርቆስ ገበያ ዳር ነጭ አቡጀዲ ይወጥሩና ሲኒማ ያሳዩናል። በሌላው ቀን የሚያናግረኝ አልነበረም። የአርበኛ ሚስት ደጃፍ ማን ይቆማል? ጎረቤቱ ሁሉ ለራሱ ፈራ። አልፈርድባቸውም፤ ቅያሜዬ ግን ዛሬም አልወጣልኝም።

ባሏ ዱር፣ እሷ ሲኒማ እያሉ እንደሚያሙኝ አውቃለሁ። ይሙኝ። ከፈትሌና ከድመቴ በቀር የማጫውተው አልነበረኝም።

አቡጀዲው ላይ የሚወጣው አንድ አጭር ፈረንጅ ነው። ስሙን ስለማናውቅ ቦርጫሙ አልነው። ሳይጠሩት ሰው ቤት ገብቶ ይበላል፣ ይጠጣል፣ በጌታው አልጋ ላይ ይጋደማል፤ ጌታው ሲመጣ መውጫው ይጠፋዋል። የሚናገረው በጣሊያንኛ ስለሆነ፣ ከአቡጀዲው አጠገብ ጨለማው ውስጥ የቆመ አስተርጓሚ ወደ አማርኛ ይመልስልናል። ዲማ ቅኔ የተማረ ነው ይሉታል። መልኩን አንድ ቀን እንኳ አላየሁትም። በመጀመሪያው ቀን ቦርጫሙ በሩን ገፍቶ ሲገባ እሱ ረጋ ብሎ፣

«ሳይገባው ገባ፤ ሳይገባው ይወጣል» አለ።

ሰዉ በነጠላው አፉን ይዞ ሳቀ። ከፊት የተቀመጠው ሹሙ ጣሊያንም በቦርጫሙ የሳቅን መስሎት አብሮን ሳቀ። እኔ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እንዲህ ነበርን።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ግን ቦርጫሙ ተበላሸ። ይወድቃል፣ ይሮጣል፣ ሳህን ይሰብራል፤ የሚስቅለት የለም። አስተርጓሚውም ተለውጦ ነበር። የፊተኛው ዱር ገባ የሚሉ አሉ፤ ተይዞ ተወሰደ የሚሉም አሉ። እኛ ያማነው ቦርጫሙን ነው። ዱሮ ጥሩ ነበር፣ አሁን ሰነፈ፣ አረጀ አልን። አንድ ቅዳሜ ከጎኔ የተቀመጡ አሮጊት፣ ሰው ሲጠግብ ጨዋታ ይጠፋዋል ልጄ ብለውኝ፣ ነጠላቸውን አራግፈው ተነሡ።

እኔ ቤቴ የሚጠብቀኝ ስለሌለ ቀረሁ። ያን ጊዜ አቡጀዲው ላይ፣ በቤቱ መስኮት የተኛች ድመት አየሁ። ቦርጫሙ በሩን ሲገፋ ቀና ትልና ተመልሳ ትተኛለች። አወቅኋት። በመጀመሪያው ቀን የእኔን ድመት ትመስላለች ብዬ ነበር። ፊልሙ ያው የዚያን ቀኑ ነው! ወንበሩም፣ አልጋውም፣ አወዳደቁም ያው። ቦርጫሙ አላረጀም፤ ዱሮም ያሳቀን እሱ አልነበረም።

አዲሱ አስተርጓሚ «ሰውየው ቤት ገባ» አለ። ማንም አልሳቀም። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ስቤ ከጨለማው መካከል፣

«ሳይገባው ገባ፤ ሳይገባው ይወጣል» አልሁ።

ሳቁ እንደ ዱሮው ገነፈለ። ሹሙም አብሮ ሳቀ። ማን እንደተናገረ ዘወር ብሎ የፈለገኝ የለም፤ ወይም አውቀው ተዉኝ። እኔ ብቻ አልሳቅሁም። ያን ሁሉ ቅዳሜ ሰው ያለኝ የመሰለኝ በዚያ መልኩን ባላየሁት ሰው ድምፅ ነበር። ቃሉን ከራሴ አፍ ስሰማው፣ ያ ሰው እንደማይመለስ ገባኝ።