ኩፍኝ ላይ የመጣ መርፌ

ሕፃን ቁና ቁና ሲተነፍስ በሰማሁ ቁጥር ያ የተጋረደ ክፍል ይመለስብኛል። እናቴ ከአልጋው ራስጌ ተቀምጣለች፤ ሲስተር ነጅማ ግርጌው ጋ ቆማለች፤ እኔ በሩን ይዣለሁ፤ የሁለት ዓመቱ ወንድሜ ታምሩ መሐላችን ተኝቷል። አባቴ ወደ ሰሜን ዘምቶ ነበር።

በዚያ ዓመት ከጥምቀት በኋላ ኩፍኝ ነፋስ ስልክ ገብቶ ከቤት ቤት ይዞር ነበር። ታምሩን ሲይዘው እናቴ መስኮቱን በጋቢ ጋርዳ፣ እኔን ከትምህርት ቤት አስቀርታ፣ ፀሐይ የመታው ሰው ዘው ብሎ እንዳይገባ በሩ ላይ አቆመችኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የመጣውን ሁሉ ጥላው ሥር አረፍ እስኪል አስጠብቅ ነበር። የካቲት ገብቶ ሽፍታው ከስሞ እፎይ ስንል፣ ትኩሳቱ እንደገና ተነሥቶ ጡት እምቢ አለ።

ነጅማ የጎረቤታችን ልጅ ነበረች፤ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። እናቴ እንድታየው ብቻ ብላ አስጠራቻት።

«አንቺ ዘበኛ፣ ልግባ ወይስ የይለፍ ወረቀት ላምጣ?» አለችኝ።

ከገባች በኋላ ግን አልቀለደችም። ሸሚዙን ገልጣ ደረቱን ብዙ አየች።

«ኩፍኙ አድክሞት ሌላ በሽታ ገብቶበታል፣ እትዬ በለጡ። የሳንባ ምች ነው። አሁኑኑ መወጋት አለበት።»

«ኩፍኝ ላይ መርፌ? ታላቁን ምን የበላብኝ ይመስልሻል?»

የእኔ ተከታይ የነበረው ወንድማችን ኩፍኝ ይዞት ሳለ ተወግቶ በማግስቱ ነው የሞተው። ነጅማ ይህን ታውቃለች።

«እሱ ዘግይቶ ነው የተወጋው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ይሄም እስከ ነገ አይቆይልዎትም።»

ቀቅላ ያመጣችውን መርፌ ከትንሿ የብረት ሳጥን አወጣች።

አሁን የልጅ ልጆቼን ለክትባት ስወስድ፣ እናቶች ስልካቸውን እየነካኩ ተራ ሲጠብቁ አያለሁ። የሚፈራ የለም። ታምሩ ፉሪ ቤት ሠርቶ ይኖራል፤ ፀጉሩ ሸብቷል። ስለዚያ መርፌ እናቴ እስክትሞት ድረስ አንድም ቀን አልጠየቀችም፣ እኔና ነጅማም አልነገርናትም።

የዚያን ቀን እሺም እምቢም አላለችም። የታምሩን ግንባር ዳበሰች፣ ነጠላዋን ከሚስማሩ ላይ አወረደች።

«እግሩን ያዥለት» አለችኝና ወጣች።